እሳቱ ስንት ዲግሪ ነበር?

ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1862 ሉክሶር ላይ አንድ ጥቅል ፓፒረስ ገዛ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥቅሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈ የሐኪሞች መማሪያ ነበር። ጀምስ ብሬስቴድ ተርጉሞ በ1930 ሲያሳትመው 48 ሕመምተኞች ከነምርመራቸውና ከነሕክምናቸው ተደርድረው ተገኙበት። ከመካከላቸው ጡታቸው ያበጠ አሉ። ለአንደኛው ሐኪሙ እንጨት ከእንጨት እያፋተገ እሳት የሚያወጣውን መሣሪያ አንስቶ እብጠቱን እንዲተኩስ ታዟል። የሌላኛው እብጠት ግን ሲዳስሱት ቀዝቃዛ ነው፣ ትኩሳት የለውም። ለዚህኛው መጽሐፉ ሕክምና የለውም ብሎ ያልፈዋል።

ያ ሐኪም ሙቀቱን የለካው በመዳፉ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ከ3000 ዓመታት በላይ ከመዳፍ የተሻለ መለኪያ አላገኙም። እሳቱ ግን ነበራቸው። እሳት ቀድሞ መጣ፣ መለኪያው ዘገየ፤ በሙቀት ዕጢን የማከም ታሪክ ጣጣው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ግሪኮች እሳትን የመጨረሻ ተስፋ አደረጉት። የሂፖክራተስ ተከታዮች በቅድሚያ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ቢላዋ፣ በስተመጨረሻ እሳት ይሞክሩ ነበር፤ እሳት ያልፈታውን ሌላ ይፈታዋል ብለው አያምኑም። የእስክንድርያው ሊዮኒደስ የታመመ ጡት ሲያወጣ አንዴ ይቆርጥ፣ አንዴ በጋለ ብረት ይተኩስ ነበር። መተኮሱ ደሙን ለማቆም ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረ ሥር ካለ እንዲቃጠል ቦታውን በሙሉ ይተኩሰዋል። በ1000 ገደማ ኮርዶባ ላይ አል ዛህራዊ ባለ 30 ክፍሉን «አል ተስሪፍ» ሲጽፍ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጠ፤ የመተኮሻ ብረቶቹንም ከነቅርጻቸው ስሎ አስቀመጠ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በገጠር ያደገ ሰው «ተተኮሰ» ሲባል የቀላው የብረት ጫፍ ፊቱ ድቅን ይልበታል። ብረቱ መድረሱ የሚታወቀው በመቅላቱ ነው፤ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1866 ቦን ከተማ ውስጥ የቀዶ ሐኪሙ ቪልሄልም ቡሽ ሌላ ዓይነት ሙቀት ገጠመው። ፊቷ ላይ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር የወጣባት አንዲት ሴት ኤሪሲፔላስ በሚባል ቆዳ አቅልቶ በሚያነድድ ኢንፌክሽን ተያዘች። ትኩሳቷ አሻቀበ፤ ዕጢውም እየሟሸሸ ሄደ። ይህ ከውጭ የመጣ እሳት ሳይሆን ሰውነቷ ራሱ ያነደደው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ላይፕዚግ ላይ ካርል ቩንደርሊክ 25,000 ያህል ሕመምተኞችን ለክቶ የደረሰበትን አሳተመ፤ ትኩሳት ከዚያ ወዲህ የሐኪም ግምት መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ሆነ። የቩንደርሊክ ቴርሞሜትር ብብት ሥር ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆይ ነበርና ለመለካት ሕመምተኛውም ሐኪሙም ትዕግሥት ያስፈልጋቸው ነበር።

የቡሽን ወሬ ወደ ሕክምና ለመቀየር የሞከረው ዊልያም ኮሊ ነው። ኮሊ በኒው ዮርክ ሆስፒታል ጀማሪ ሐኪም ሳለ የ17 ዓመቷ ቤሲ ዳሺየል እጇን ታማ ወደ እሱ መጣች። የባለጸጋው የጆን ሮክፌለር ልጅ የቅርብ ወዳጅ ነበረች። የአጥንት ሳርኮማ ሆኖ ተገኘ፤ ኮሊ ክንዷን ቆረጠ። አልተረፈችም፤ በጃኑዋሪ 1891 ሞተች። ወጣቱ ሐኪም በሐዘን ብቻ አልተቀመጠም፣ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ወረደ። በድሮ ፋይሎች መካከል አንድ ጀርመናዊ ስደተኛ አገኘ። አንገቱ ላይ ያለው ዕጢ በተደጋጋሚ ቢቀደድም እየተመለሰ ያስቸገረ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ የቆረጡበት ሰው ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኤሪሲፔላስ ያዘውና ዕጢው ጠፋ። ኮሊ በስደተኞቹ ሰፈር ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ ሰውየውን በሕይወት፣ ያውም በጤና አገኘው። ከዕጢው የቀረው ጠባሳ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የሐኪሙን ድፍረት ማድነቅም መፍራትም ይቻላል። ኮሊ በዚያው ዓመት በሜይ አንድ ጣሊያናዊ ስደተኛ አንገቱና ጉሮሮው ላይ ካለው ዕጢ አጠገብ ሕያው ባክቴሪያ ይወጋው ጀመር። ለወራት ሞከረ፤ የረባ ኢንፌክሽን አልያዝ አለ። በኦክቶበር ያዘ። ትኩሳቱ ነደደ፤ ሰውየው ሊሞት ነው ተባለ፤ ዕጢው ፈራርሶ መውጣት ጀመረ። በሽተኛው ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ሌሎች ሁለት ሕመምተኞች ግን በኢንፌክሽኑ ስለሞቱበት፣ ኮሊ በ1893 ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ገድሎ ቅልቅላቸውን መውጋት ጀመረ። «የኮሊ ቶክሲን» የተባለው ይህ ነው። መጠኑን የሚወስነው በትኩሳቱ ነበር፤ ትኩሳት ካልመጣ ይጨምራል። በጃኑዋሪ 1893 ቀድሞ የተወጋው ወጣት ሆዱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ነበረበት። ዕጢው ጠፍቶ እስከ 1919 ኖረ፤ የገደለውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው።

ታዲያ ለምን ዛሬ አንወጋውም? ቶክሲኑ በየላቦራቶሪው የተለያየ ነበር፤ አንዱ የሠራው ሲያነድድ የሌላው ምንም አያደርግም። ሬዲየምና ራጅ መጥተው የሐኪሙን ሁሉ ልብ ወሰዱ። ኮሊ በ1936 ሲሞት ሥራው ተረስቶ ነበር፤ ስሙን ያስነሳችው ልጁ ሄለን ናት። የዛሬ ተመራማሪዎች ዕጢውን ያሟሸሸው ከትኩሳቱ ይልቅ በባክቴሪያው የተቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ሆኖም ኮሊ አንድ ነገር ትቶ አልፏል። ዕጢን ለማሸነፍ ማቃጠል የግድ አይደለም፤ ከጤነኛው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ መጨመር ብቻ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ።

ኮሊ ቶክሲኑን እየወጋ ሳለ በ1898 ስዊድናዊው የማህፀን ሐኪም ፍራንስ ቬስተርማርክ ያንኑ ጥያቄ ባክቴሪያ ሳይጨምር ሞከረው። የማህፀን በር ካንሰር ለጠናባቸው ሴቶች በብረት ቱቦ ውስጥ ከ42 እስከ 44 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ለረጅም ሰዓታት አዘዋወረ፤ ዕጢዎቹ ሲለወጡ አየ። አካሉን ሳያቃጥል፣ ዲግሪውን ጽፎ የሠራ በመሆኑ ለእኔ የዚህ ታሪክ እውነተኛ ጀማሪ እሱ ነው። የሰማው ግን ጥቂት ነበር።

የጋለውን ብረት ያሻሻለው ኤሌክትሪክ ነው። በ1891 ፓሪስ ላይ ዳርሶንቫል በጣም ፈጣን ተለዋዋጭ ጅረት ጡንቻን ሳያንዘፈዝፍ በሰውነት እንደሚያልፍ፣ ሲያልፍም እንደሚያሞቅ አሳየ። ቦስተን ውስጥ ዊልያም ቦቪ ይህንኑ መቁረጫና መተኮሻ አደረገው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግ አንድ ደመ ብዙ የራስ ቅል ዕጢ ለማውጣት ገብቶ መድማቱ አስቁሞት ነበር፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1926 የቦቪን መሣሪያ ይዞ ተመልሶ አወጣው። ዛሬ ያለዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ክፍል እምብዛም የለም። ቦቪ ግን መብቱን በ1 ዶላር ሸጦ ከታሪኩ ወጣ።

በ1942 ኒው ዮርክ ላይ ሊን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድምፅን መረጡ። ጆሮ የማይሰማውን ሞገድ፣ ልጆች በመነጽር የፀሐይን ጨረር ሰብስበው ወረቀት እንደሚያነዱት፣ ከቆዳ በታች አንድ ነጥብ ላይ ሰበሰቡት። ቆዳው ደኅና ሆኖ ውስጡ ይበስላል። በ1950ዎቹ ፍራይ የተባሉት ወንድማማቾች ኢሊኖይ ውስጥ ይህንኑ ለአንጎል ሞከሩ፤ የራስ ቅል አጥንት ሞገዱን ስለሚመልስ መጀመሪያ አጥንቱን ማንሳት ነበረባቸው። የት እንዳነጣጠሩ የሚያሳይ ምስል ስለሌለም ሐሳቡ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። ዛሬ በኤምአርአይ እየታየ፣ ዲግሪውም በምስሉ ላይ እየተነበበ ለማህፀን ማዮማ የሚሠራው ይህ ነው፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ2004 ነው።

1966 ላይ ጥቂት ልቁም፤ የዚያ ዓመት ሥራ በኋላ የእኛን አገር በር ስለሚያንኳኳ። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም የማህፀን በርን የሚያሞቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ጫፉ ብረት ነው፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ገደማ። ስሙን «ቀዝቃዛ መተኮሻ» አሉት! ውሃ በሚፈላበት ሙቀት የሚሠራ ነገር ቀዝቃዛ መባሉ ያስቃል፤ ነገር ግን ከቀድሞው የቀላ ብረት ጋር ሲተያይ በእርግጥም ቀዝቃዛ ነበር።

በ1967 ሮም ላይ ሬናቶ ካቫሊየሬና ጓዶቹ የካንሰር ሕዋሳት ሙቀትን ከጤነኞቹ ያነሰ እንደሚችሉ አመለከቱ፤ ክንድና እግር ላይ ዕጢ ላለባቸውም የዚያን አካል ደም ለይተው አሙቀው መለሱት። በ1970ዎቹ ኤድንብራ ውስጥ ፔቲግሩ ከዚህም አለፈ፤ ማደንዘዣ የወሰደውን በሽተኛ በቀለጠ ሰም ነከረው። መላ ሰውነት 42 ዲግሪን እምብዛም ሊያልፍ አይችልም፤ ከዚያ በላይ ጉበትም አንጎልም ይጎዳል። አንዳንድ ዕጢ ቀነሰ፤ ድካሙና አደጋው ግን በዝቶ ሰሙ ቀረ። በ1975 የዘርፉ ሰዎች ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አደረጉ።

መለኪያው ትርጉም ያገኘው በ1984 ነው። ሳፓሬቶና ዲውይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 43 ዲግሪን መነሻ አደረጉ። ከ43 በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ43 በታች ግን በአራት እጥፍ ይረዝማል። በ43 ዲግሪ 60 ደቂቃ የሚፈጀው በ44 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ በ42 ዲግሪ 4 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። የአንድ ዲግሪ ስሕተት ሕክምናውን ሕክምና አይደለም ያሰኘዋል።

የለዘበው ሙቀት የሚረዳበትም ምክንያት ተገለጠ። የዕጢ ደም ሥር የተወላገደ ነው፤ መሐሉ ኦክስጅን ያጣል፣ አሲድ ይበዛበታል። ጨረር ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ይደክማል። ሙቀት በተቃራኒው ሕዋሱ ሲራብና አሲድ ሲከበው ይበረታል፤ ሕዋሱ በጨረር የተሰበረ ዘረመሉን እንዳይጠግንም ያሰናክለዋል። አንዱ የተወውን ሌላው ይለቅማል። ስለዚህ ከ40 እስከ 44 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለብቻው ገዳይ አይደለም፤ የጨረርና የኬሞቴራፒ ረዳት ነው።

የአሜሪካ ሆስፒታሎች በ1980ዎቹ ይህን በጨረር ላይ ጨምረው ሲፈትኑ ውጤቱ አሳፈረ። ሙቀት የጨመረላቸው ብዙም አልተሻሉም። መሣሪያዎቹ ትልልቆቹን ዕጢዎች በቅጡ ማሞቅ አልቻሉም ነበር፤ ትንንሾቹ የተሻለ መልስ ሰጥተዋል። ተመልካች ግን ዝርዝር አይወድም፤ «ሙቀት አይሠራም» ተብሎ ገንዘቡም ጉጉቱም ነጠፈ። አውሮፓውያን ቀጠሉበት። በ1995 የታተመው የዴንማርካዊው ኦቨርጎር ጥናት ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር የያዛቸው 70 ሕመምተኞች፣ 134 ዕጢዎች ነበሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ በጨረር ብቻ ከታከሙት 28 በመቶው፣ ሙቀት ከታከለላቸው 46 በመቶው ሳይመለሱ ቆዩ። የሚገርመው ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ የታቀደውን ያህል፣ ማለትም 43 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፣ ያገኙት የሙቀት ሕክምናዎች 14 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ የኔዘርላንዱ መጣ። ከ1990 እስከ 1996 ድረስ በዳሌ አካባቢ ካንሰር የያዛቸው 358 ሰዎች ገቡበት፤ 114ቱ የማህፀን በር ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ናቸው። ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ጨረርና በዙሪያቸው ከተደረደሩ አንቴናዎች የሚመጣ ሙቀት አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከማህፀን በር ሕመምተኞቹ ጨረር ብቻ ካገኙት 27 በመቶ፣ ሙቀትም ካገኙት 51 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፤ 20 በመቶ ለ37 በመቶ።

ይህ ውጤት በ2000 ሲታተም ቀን ጎደለበት። በፌብሩዋሪ 1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በጨረር ላይ ሲስፕላቲን የሚባለውን መድኃኒት ማከል የማህፀን በር ካንሰር ሕመምተኞችን ዕድሜ እንደሚያረዝም ለሐኪሞች ሁሉ አስታውቆ ነበር። ሲስፕላቲን በደም ሥር ይንጠባጠባል፤ ሙቀት ግን ልዩ ክፍል፣ ልዩ ማሽን፣ የፊዚክስ ባለሙያና ሁለት ሰዓት ይጠይቃል። ማን እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። በ2005 ደግሞ 110 ሴቶች የተሳተፉበት የበርካታ አገሮች ጥናት ሙቀት ምንም አልጨመረም አለ፤ የኔዘርላንዶቹም ዕጢው በእርግጥ ሞቆ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ከግብፁ መዳፍ ጀምሮ ያለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። እኔ በዚህ ክርክር ከኔዘርላንዶች ጋር ነኝ። ሙቀቱ ያልተለካ ጥናት ስለ ሙቀት አይፈርድም። የጀርመኖቹ የሳርኮማ ጥናትም ይህንኑ ያጠናከረ ይመስለኛል፤ 341 ሕመምተኞች ነበሩት፣ በ2018 በወጣው ውጤት ከአምስት ዓመት በኋላ ኬሞቴራፒና ሙቀት ካገኙት 62.7 በመቶ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ካገኙት 51.3 በመቶ በሕይወት ነበሩ።

ሞቅ ያለ መድኃኒት በቀጥታ ሆድ ውስጥ ማፍሰስም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1980 ኬንታኪ ላይ ስፕራት አስጀመረው። በ2018 ኔዘርላንድ ውስጥ 245 የእንቁልጢ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ አማካይ ዕድሜን ከ33.9 ወር ወደ 45.7 ወር አደረሰ። በ2021 ፈረንሳይ ውስጥ ከትልቁ አንጀት ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን በተዛመተ ካንሰር ሲፈተን ግን 41.7 ወር ለ41.2 ወር ሆነ፤ ልዩነት የለም። መድኃኒቱም፣ ዲግሪውም፣ ደቂቃውም የተለያየ ነበርና አንዱን ይዞ ስለ ሌላው መፍረድ አይቻልም።

የሚያቃጥለው ወገን በበኩሉ በመርፌ ተመለሰ። በ1990 በካሊፎርኒያና በጣሊያን የነበሩ ሁለት ቡድኖች፣ ሳይመካከሩ፣ በቀጭን መርፌ የሬዲዮ ሞገድ ወደ እንስሳት ጉበት ልከው ሥጋውን ውስጥ ለውስጥ አበሰሉ። ቦስተን ላይ በ1992 የአጥንት ዕጢ ተከተለ። ከ60 ዲግሪ በላይ የሕዋስ ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፤ ረዳት አይሻም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ ኃይሉን በመጨመር ብዙ ቦታ የሚያበስሉ መስሏቸው ነበር። እንጀራ ጋጋሪ ብትጠየቅ ትነግራቸው ነበር፤ ምጣድ ከልክ በላይ ሲግል ከታች ያራል፣ ከላይ ጥሬ ይቀራል። ከ100 ዲግሪ በላይ መርፌው አጠገብ ያለው ሥጋ ይከስልና ጅረቱ አያልፍም። ሌላው ችግር ደም ነው። ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ዕጢ ወራጅ ውሃ ላይ እንደተቀመጠ ድስት ነው፤ የሰጡትን ሙቀት ደሙ ይዞት ይሄዳል። ማይክሮዌቭ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ ያግላል፣ የከሰለ ሥጋ አይገታውም፣ ደም ሥሩም ያን ያህል አያሸንፈውም። ሁለቱም ለጉበት የሚመቹት ዕጢው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን ነው። «በሙቀት አከምን» የሚል ሁሉ አንድ ነገር እያደረገ እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል፤ በ42 ዲግሪ የሚለሰልሰውና በ80 ዲግሪ የሚገደለው ዕጢ የተለያየ ሕክምና ያገኙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ ሲገነባ የኩርት ዜም «ቀዝቃዛ መተኮሻ» ከእይታ ርቆ ቆይቶ ነበር። ያስመለሰው የጋዝ ሲሊንደር ነው። የማህፀን በር ላይ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚታየው ለውጥ በብዙ ደሃ አገሮች ይታከም የነበረው በማቀዝቀዝ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ጀምራለች፤ በአቼቶ ተቀብቶ ነጭ የሆነውን ቦታ በጋዝ ማቀዝቀዝ። ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ጋዙ ያልቅና ሴትየዋ ሌላ ቀን ተመለሺ ትባላለች፤ ብዙዎቹ አይመለሱም። በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራው መተኮሻ ግን ጋዝ አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ አወጣ፤ መሣሪያው ወደ ኢትዮጵያ ጤና ተቋማትም ገባ። ጫፉ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል፤ ሥራው በአንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ አያሻም። ለውጡ ወደ ማህፀን በር ውስጠኛ ቱቦ ከዘለቀ ወይም ካንሰር መሆኑ ከተጠረጠረ ግን አይሆንም፤ ያኔ ወደ ሆስፒታል መላክ ግድ ነው። ከታከመች በኋላም በዓመቱ ተመልሳ መታየት አለባት።

በኢትዮጵያ ይህን ለውጥ የሚፈልገው ምርመራ በዋናነት የተዘጋጀው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆነ ሴቶች ነው፤ ምንም ሕመም ሳይሰማችሁ ሂዱ፣ በአቼቶ የሚደረገው ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።